ግማሹ የደረሰ ኪቦርድ

የቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች መጠዝጠዝ ሲጀምሩ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቼ ነበር። ሐኪሙ የእጄን አንጓ መታ መታ አደረገና ነርቩ ተጨፍልቋል አለኝ። አጻጻፌን ካልቀየርኩ የጣቶቼ ስሜት ሄዶ ሊቀር እንደሚችልም ነገረኝ። ለጊዜው እረፍት ውጪ ሲለኝ ሳቅኩበት። እኔ እረፍት ከወጣሁ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ስመለስ ደግሞ መዝገብ ቤት ወርጄ የፋይል አቧራ ሳራግፍ እውላለሁ። ዳኛው እየተናገሩ ከአፋቸው እኩል የምጽፍ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

አንዳንዴ በገዛ ቋንቋዬ እናደዳለሁ። በኮምፒውተር አንዲት «ሉ» ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል። «ጠ» ደግሞ የምትመጣው በትንሿ ጣት ሽፍት ተጭኖ ነው። የፍርድ ቤት አማርኛ ያለ «ጠ» አንድ እርምጃ አይሄድም፤ ጠበቃ፣ ጥፋተኛ፣ ቅጣት፣ ውጤት። ቀኝ እጄ ቀኑን ሙሉ ወደ ሽፍት እንደተጣመመ ይውላል።

ስልኬ ላይ ስፈልግ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተሠሩ ኪቦርዶች አገኘሁ። አንደኛው ወጥ ነው፤ መሃሉ ጎበጥ ይላል። ሁለተኛው እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ሦስተኛው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግራውና ቀኙ የሚገናኙት በሽቦ ብቻ ስለሆነ በትከሻ ልክ አራርቆ ማስቀመጥ ይቻላል። እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ የራሱ ሞላ አለው፤ ሽፍቱም በአውራ ጣት ሥር ነው። የሦስቱንም ሥዕል በትክክለኛ መጠናቸው አትሜ ካርቶን ላይ ለጠፍኩና በምሳ ሰዓት እጄን እየዘረጋሁ ወረቀት ስመታ ከረምኩ። ከዚያ ደግሞ ሞላውን የመምረጥ ጣጣ መጣ። አንዱ ድምፅ አልባ ነው፣ አንዱ ይንጣጣል፣ አንዱ መሃል ላይ ያዝ ያደርጋል። የተጠቀሙበት ሰዎች የጻፉትን ሳነብ አንዱ ያመሰገነውን ሌላው ይረግመዋል። ለሁለት የተከፈለውን ባለ ዝምተኛ ሞላ ለመምረጥ አምስት ወር ፈጀሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ለዘገየችውስ? ተረቱን ያወጡት ሰዎች እሷን ረስተዋታል።

ሥዕሉን ይዤ ሸዋ በር ገበያ ጫማ የሚሸጡት ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ ደንበኛቸው ስለነበረች ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል፤ ዕቃም ከዱባይ በጅጅጋ በኩል ያስመጣሉ። በስድስት ሳምንት ኢንሻ አላህ ይደርሳል አሉኝ። በስድስተኛው ሳምንት ስሄድ ባንኮኒው ላይ የተቀመጠው አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር። ግራው።

ቀኙ የጉምሩክ ኬላ ላይ ተይዟል። ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ እንኳን አላፈሩም፤ እንዲያውም ብልሃታቸውን በኩራት አስረዱኝ። ጫማ ሲያስመጡ ግራ ግራውን በአንድ መኪና፣ ቀኝ ቀኙን በሌላ መኪና ይጭናሉ። አንዱ ቢያዝና ለሐራጅ ቢወጣ ግራ እግር ብቻ የሚገዛ ሰው የለምና ያለ ተወዳዳሪ እሳቸው ያነሱታል። የኔንም ኪቦርድ ከካርቶኑ አውጥተው እንደዚያው አደረጉት።

«ሐጂ፣ ይሄ እኮ ጫማ አይደለም» አልኳቸው።

«ወላሂ ልጄ፣ ግራና ቀኝ ያለው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚመጣው።»

ሐራጁ እስኪወጣ ጠብቂ ተባልኩ። አራት ወር ጠበቅኩ። ግራው ቁራጭ ለብቻውም ስለሚሠራ ጠረጴዛዬ ላይ ሰካሁት፤ ቀኝ እጄ ግን በዚያው በአሮጌው ኪቦርድ ቀጠለ። ጤነኛው እጅ ተሾመ፣ ሕመምተኛው ተረሳ። የቢሮ ሰዎች እየመጡ ሲስቁብኝ ደሜ ይፈላ ነበር። ሥራውን ለጥቂት ሳምንት መተው እችል ነበር፤ ግን አልተውኩም። በሦስተኛው ወር ግድም ሕመሙ ለቀቀኝ። ግማሹም ቢሆን ጠቅሞኛል ብዬ ተጽናናሁ። ብርጭቆ ከእጄ እያመለጠ ሲሰበር በሳሙናው፣ ፊደል ሲዘለኝ በአሮጌው ኪቦርድ እርጅና አመካኘሁ።

በመጨረሻ ቀኙ መጣ። ሐጂ እንዳሉትም ሐራጁ ላይ ማንም አልፈለገውም ነበር። የዚያን ቀን ሁለቱን አገናኝቼ የመጀመሪያውን ውሳኔ ጻፍኩ። ዳኛው ወረቀቱን ገና ሳይፈርሙበት መለሱልኝ፤ በየመስመሩ ፊደል ጎድሏል። ኬላ ላይ ጥለው ሰብረውታል ብዬ ነደድኩ። የቢሮውን ላፕቶፕና ሁለቱን ቁራጮች ታቅፌ ሸዋ በር ወረድኩና ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኳቸው። በአራት ወር ያጠራቀምኩትን ንዴት ሁሉ ገዢ ፊት ሐጂ ላይ ደፋሁት። ከእንግዲህ መዝገብ ቤት ብወርድ በእርስዎ ምክንያት ነው አልኳቸው።

ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉና የቀኙን ቁልፎች በአንድ ጣታቸው፣ አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች ተጫኗቸው። ፊደሎቹ አንድም ሳይቀር ተሰለፉ። ከዚያ አንቺ ሞክሪው አሉኝ። ስመታው አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይቀራል። ሐጂ የሚያዩት የላፕቶፑን መስኮት ሳይሆን ጣቶቼን ነበር።

«እጅሽን እዚህ አሳርፊ» አሉኝና ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። «ዓይንሽን ጨፍኚና የቱ ጣትሽ ላይ እንዳሳረፍኩት ንገሪኝ።»

የማይረባ ጨዋታ መሰለኝ። ቢሆንም ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ እሰማለሁ።

«ይጀምሩ እንጂ ሐጂ» አልኳቸው።

«ጀምሬያለሁ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ዓይኔን ስገልጥ በሦስቱም ጣቶቼ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ነበር።