ከዘጌ መጣ ያልኩት አፈር

በደርግ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ባትሪ እጠግን ነበር። ከግንባር የሚመለሱት ካሚዮኖች ባትሪያቸው ሞቶ ይመጣል። እኔ እከፍተዋለሁ፣ አሲዱን ከአጥሩ ሥር እደፋለሁ፣ የእርሳሱን ዝቃጭም እዚያው አራግፋለሁ። የት ልድፋው? የሚጠይቀኝም አልነበረም። ዓሣ አስጋሪዎች ለመረባቸው ማስጠሚያ እርሳስ ሲለምኑኝ እንኳ እዚያው መንገድ ዳር አቅልጬ እሰጣቸው ነበር። እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ዳቦ የምበላ ሰው ነበርኩ፤ ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል እፈልጋለሁ።

ባለቤቴ የዘጌ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን ስታረግዝ አፈር አማራት። እርጉዝ ሴት አፈር ሲያምራት አዲስ ነገር አይደለም፤ እሷ ግን የፈለገችው በልጅነቷ ከቡና ዛፍ ሥር እየቆነጠረች የቀመሰችውን የዘጌን አፈር ነበር። ያማራትን ካላገኘች ጽንሱ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል፤ እናቷም ይህንኑ ሰው ልከው አስነግረውኝ ነበር። በጀልባ ሄጄ እንዳላመጣላት የዕረፍት ቀኔ እሑድ ብቻ ነው። እሑድ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ የቀረ ሰው ምን እንደሚከተለው በዚያ ዘመን የኖረ ያውቀዋል።

ሁለት እሑድ ቃል ገብቼ ባዶ እጄን ገባሁ። በሦስተኛው ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ከስብሰባው ስወጣ ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ደስ የሚል ሽታ ነበረው። ከጋራዡ አጥር ሥር ለስላሳውን መርጬ በጋዜጣ ጠቀለልኩና ከዘጌ የመጣ ሰው ይዞልሽ መጣ አልኳት።

ቆንጥራ ቀመሰች።

"ትንሽ ይጣፍጣል። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ወይስ እኔ ረሳሁት?" አለች።

ደስ አላት፤ ደስ ሲላት እኔም ደስ አለኝ። እስክትወልድ ድረስ በየሳምንቱ ከዚያው ቦታ አመጣሁላት።

ወንድ ልጅ ወለደች። ዘግይቶ ቆመ፣ ዘግይቶ ሄደ፤ አራት ዓመት ሞልቶትም "እማ" ከማለት አላለፈም። ዘመድ ሁሉ የወንድ ልጅ አፍ ይዘገያል እያለ ያጽናናን ነበር።

በዚያ ዓመት ቀበሌው በመንገዱ ዳር ጎመን ሊያስተክል ፈልጎ አንድ የአፈር ባለሙያ አስመጣ። ሰውየው ከጋራዡ አጥር ሥር አፈር ቆፍሮ በከረጢት ወሰደ። ከወራት በኋላ ተመልሶ እዚህ ምንም እንዳይተከል፣ ልጆችም እንዳይጫወቱበት አዘዘ። አፈሩ በእርሳስ ተመርዟል፤ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፣ ገና በሆድ ያለውንም አይምርም አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለእኔ የጠራው ያኔ ነው።

"ጣዕም አለው?" አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። "አንዳንዴ ይጣፍጣል። ልጆችን የሚያታልላቸውም እሱ ነው።"

ሥራዬን ትቼ ቤቴ ሄድኩ። ባለቤቴ ልጁን ዘጌ ወስዳ ጸበል አስጠምቃው መመለሷ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አፈር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ፣ በኩባያ ውኃ ትበጠብጣለች።

"እርጉዝ ሆኜ የበላሁት የዘጌን አፈር ነው፤ መድኃኒቱም ከዚያው አይጠፋም" አለችና አፉን እስክትከፍተው ኩባያውን እንድይዝላት ሰጠችኝ።

ያዝኩላት። ያኔ የበላችውን አፈር ከየት እንዳመጣሁት ግን አልነገርኳትም፤ ዛሬም አታውቅም።