በሰንበት ያላረፈው ማሽን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለሥራ ባልደረቦቼም አልነገርኩም። በዓስተሥርዮ ጾም፣ ኃጢአት በሚሰረይበት ቀን፣ ስጸልይ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ እሱ ጋ ስደርስ እዘለዋለሁ፤ ፈጣሪ የማያውቅ ይመስል። አሁን ግን አንዲት አሮጊት በእኔ ጥፋት ከገዛ ቤታቸው ሊወጡ ነው። ዝም ካልኩ ሁለተኛ ጊዜ አቃጠልኳቸው ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልናዘዝና አፌን ላለማምደው።

ሽራ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ነው። ወላጆቼ ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው። እናቴ ቢሮ ስታጸዳ ስለምትውል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ከበራችን ፊት ለፊት ካለው ከእማማ ይታይሽ ቤት ነበር። ምሳ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። ፀጉሬን እያለቀስኩ የሠሩኝ እሳቸው ናቸው። ወታደር ስሆን ቦርሳዬን ነጥቀው እስከ አውቶቡሱ የሸኙኝ፣ ሹፌሩንም «ቀስ ብለህ ንዳ፤ ልጅ ይዘሃል» ያሉት እሳቸው ናቸው። ይህን የምነግራችሁ ማንን እንዳታለልኩ በደንብ እንድታውቁት ነው።

ወታደር ቤት ኮምፒዩተር ተማርኩ። ስወጣ ሰው ሁሉ ስለ ክሪፕቶ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ለኮምፒዩተር ጨዋታ የተሠራ ግራፊክስ ካርድ አለ። ያ ካርድ ያለ ዕረፍት ስሌት እንዲሠራ ከታዘዘ በልፋቱ ልክ ዲጂታል ሳንቲም ያገኛል። ማይኒንግ የሚሉት ይህን ነው። እኔ የጻፍኩት ሶፍትዌር ካርዱ በትንሽ ኤሌክትሪክ ብዙ እንዲሠራ ያደርግ ነበር። ጥሩ ሶፍትዌር ነበር። በእሱ አላፍርም፤ የማፍርበት ሌላ ነው።

ሥራውን ለማሳደግ ገንዘብ የሚያስገባልኝ ሰው ስፈልግ፣ ከከተማችን አጠገብ ባለችው የሀብታሞች መንደር፣ ዖሜር፣ የሚኖር ኤታይ የሚባል ባለሀብት አገኘሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በእሱ አላሳብብም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩ በብዙ ካርዶች ላይ ለወራት ሳይቋረጥ ሲሠራ ማየት። የሥራውን መጠን የሚያሳይ አረንጓዴ መስመር በስልኩ ላይ ይታየው ነበር። መስመሩ ካልወደቀ ገንዘቡን እንደሚያስገባ ቃል ገባልኝ።

ያለኝን ሁሉ አሟጥጬ ካርድ ገዛሁ። ሁሉንም እኛ ቤት ስሰካቸው የሕንፃችን መብራት ጠፋ፤ እናቴም ጮኸች። ስለዚህ ለሰፈራችን አረጋውያን በየቤታቸው ካርዶቹን የያዘ አንዳንድ ማሽን ላስቀምጥ አሰብኩ። የኤሌክትሪኩን እከፍላለሁ፤ ከሚገኘውም ድርሻ እሰጣለሁ። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው እማማ ይታይሽን ነው። ልጃቸው ዳኒ አግብቶ ወደ ሰሜን ስለሄደ አንድ ክፍል ባዶ ነበራቸው። ስለ ገንዘቡ አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

«ሰንበትስ? ሰንበት ላይ ይሠራል?» ነው ያሉኝ።

«አይሠራም እማማ። አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ በራሱ ይተኛል፤ ቅዳሜ ማታ ይነሣል።»

«እንዲያ ከሆነ በሴዴር፣ እሺ። ይግባ።»

እማማ ይታይሽ በጎንደር መንደራቸው አርብ ሲመሽ ምድጃውን አጥፍተው፣ በማግሥቱ የቀዘቀዘ ምግብ እየበሉ ያደጉ ሴት ናቸው። ወደዚህ ሲመጡ በሱዳን የስደተኞች ካምፕ ልጅ ታሞባቸው እንኳ ሰንበት እሳት አልነኩም። እሳቸው እሺ ካሉ ሌላው ማን እምቢ ይላል? የሰፈሩ አረጋውያን እሳቸውን አይተው ተቀበሉኝ።

መጀመሪያ አልዋሸሁም። እንዳልኩት ማሽኖቹን የሚያስተኛ ኮድ ጻፍኩ። የመጀመሪያዋ ሰንበት አለፈች፤ መስመሩም እንደ ጉድጓድ ሰመጠ። እሑድ ጠዋት ኤታይ ደውሎ «ይህ ጉድጓድ ምንድን ነው?» አለኝ። በዚያች ቅጽበት «የማሽኖቹ አስተናጋጆች ሰንበት ያከብራሉ» ማለት እችል ነበር። ምናልባት ይገባው ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። በማን አፈርኩ? ባሳደጉኝ ሰዎች! ነጠላ የለበሱ የሽኩና ዳሌት አሮጊቶች ለዖሜር ባለሀብት እንዲታዩት አልፈለግሁም። «ብልሽት ነው፤ አስተካክለዋለሁ» አልኩት። አስተካከልኩትም።

ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። አርብ ማታ በማሽኑ ትንሽ ስክሪን ላይ «ሰንበት ሰላም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ከዚያ ስክሪኑ ይጨልማል። ካርዶቹ ግን ከጨለማው ጀርባ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ድምፁ እንዳይሰማ ማራገቢያዎቹ ቀስ ብለው እንዲዞሩ አደረግሁ። ይህን ሁሉ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ማንም አላዘዘኝም። አንድ ቀን እማማ ይታይሽ «ልጄ፣ ሰንበት ላይ ትንሽ ድምፅ አለው እኮ» አሉኝ። «እንደ ፍሪጅዎ ነው እማማ፤ ተኝቶም ይተነፍሳል» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ያን ሳቃቸውን ዛሬም እሰማዋለሁ።

ወራት አለፉ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

አርብ ከሰዓት ከበረሃው የአቧራ ነፋስ ተነሣ። ቤር ሼቫ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ሰማዩ ቢጫ ይሆናል፤ መስኮት ብትዘጉትም አቧራው ቂጣ ላይ ሳይቀር ያርፋል። እማማ ይታይሽ የሰንበቱን ዳቦ በጨርቅ ሸፈኑ። ከዚያ ማሽኑ ትዝ አላቸው። «ሰንበት ሰላም» ብሎ ተኝቷል፤ የልጃቸው የሽራ ንብረት ነው፤ አቧራ ይገባበታል። ወፍራሙን ጋቢያቸውን አምጥተው ከላይ እስከ ታች አለበሱት። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንደሚሸፈነው ማለት ነው። በውስጡ ግን እኔ ያዘዝኳቸው ካርዶች፣ እኔ ባዘገየኋቸው ማራገቢያዎች፣ ሌሊቱን ሙሉ ይግሉ ነበር።

እኔ የት ነበርኩ? ዖሜር፣ የኤታይ ግቢ ውስጥ። ሥጋ እየተጠበሰ፣ እንግዶች ስልኩን እየተቀባበሉ አረንጓዴውን መስመር ሲያደንቁ። ቀትር ላይ መስመሩ ወደቀ። የእማማ ይታይሽ ማሽን መቆሙን የእኔም ስልክ ነገረኝ። መጀመሪያ ምን ያሰብኩ ይመስላችኋል? ስለ እሳቸው አይደለም። ስለ መስመሩ ነው! ጥግ ይዤ በሌሎቹ ቤቶች ያሉትን ማሽኖች በስልኬ ይበልጥ እንዲሠሩ አዘዝኳቸው፤ መስመሩም ተመልሶ ተነሣ። «ትንሽ ጥገና ነው» ብዬ ፈገግ አልኩ። ገና ፈገግታዬ ሳይጠፋ እናቴ ደወለች። እናቴ በሰንበት ስልክ ነክታ አታውቅም። ስሟን ስክሪኑ ላይ ሳይ ከግቢው ወጥቼ አነሣሁት።

እማማ ይታይሽ ጭስ ሸቷቸው ሲገቡ ጋቢው ተያይዟል። ለብቻቸው ነበሩ። ሶኬቱን ነቅለው እሳቱን በብርድ ልብስ ደበደቡት። የቀኝ መዳፋቸው ተቃጠለ። ጎረቤት ደርሶ የቀረውን አጠፋ፤ ቤቱ ተረፈ፤ እሳቸውም ተረፉ። ለዚህ ፈጣሪን ሳመሰግን እኖራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋቴ ልምጣ። እስካሁን የነገርኳችሁ ዋናው አይደለም።

ስደርስ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቱ ሁሉ እኔን ያያል። «ጠፍቶ የነበረ ማሽን እንዴት ይቃጠላል?» አለ አንዱ። እኔም «ማሽን ጠፍቶም ሙቀት ይይዛል፤ ጋቢው አፍኖት ነው» አልኩ። እንዲህ አልኩ፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እማማ ይታይሽ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ንብረትሽን አቃጠልኩብሽ ልጄ» አሉኝ። «አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።»

«ምንም አይደለም እማማ። ይቅር ብያለሁ» አልኳቸው።

ይቅር አልኳቸው። ያቃጠልኳቸው እኔ፣ ይቅርታ ሰጪም እኔ። ጉንጬን ሳሙኝ፤ አመሰገኑኝም። ከዚህ የባሰ ምን ልሠራ እችል ነበር?

በዚያው ሳምንት ማሽኖቹን ከየቤቱ ሰበሰብኩ። ኤታይ ገንዘቡን አስገባ፤ ቢሮ ተከራየን፤ ሰው ቀጠርን። በኋላም ብዙዎች ያመርቱት የነበረው ሳንቲም ግራፊክስ ካርድ የማያስፈልገው ሲሆን፣ ሶፍትዌሩን ወደ ሌላ ስሌት አዞርነው። ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው። እኔ እንዲህ ስደላደል እማማ ይታይሽ ግን አነሱ። የሰንበት ዳቦ መጋገር ተዉ፤ የሕንፃው ልጆች ቅዳሜ ጠዋት በራቸውን እያንኳኩ መቁረስ ለምደው ነበርና እነሱም ቀሩ። የማኅበረሰባችን ቄስ «ሕይወት ለማዳን እሳት ማጥፋት ሰንበትን አይሽርም» ቢሏቸው፣ «ማጥፋቴ አይደለም ያስጨነቀኝ፤ ማስነሣቴ ነው» አሉ። ዳኒ ደግሞ እናቱ ያረጁና የሚያደርጉትን የማያውቁ መሰለው። መጀመሪያ የጋዝ ምድጃውን ወሰደባቸው። አሁን ቤቱን አስረክቦ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊያስገባቸው ተስማምቷል። እሳቸውም እሺ አሉ። ራሳቸውን ማመን ትተዋላ። ይህን ያስተዋቸው ማን ሆነና?

እስከዚህ የጻፍኩት ሰኞ ነው። ዛሬ አርብ ነው፤ ከእሳቸው ቤት መመለሴ ነው።

ስገባ ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። ሳህኖቻቸውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ነበር። አባቶቻችን ይቅርታ ሲጠይቁ ድንጋይ ተሸክመው ነበር የሚገቡት፤ እኔ ከሥራ በቀጥታ ስለሄድኩ ጀርባዬ ላይ ያለው የላፕቶፕ ቦርሳ ነው። እሱን እንደ ተሸከምኩ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ተነሺ፣ ምን ሆንሽ?» አሉ። አልተነሣሁም። ሁሉንም፣ ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ፣ ወለሉን እያየሁ ነገርኳቸው። አማርኛዬ ሲያልቅ በዕብራይስጥ ቀጠልኩ።

የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። ከዚያ «ጋቢውን ሳለብሰው እየሠራ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«አዎ እማማ።»

«ተኝቶ ቢሆን ኖሮስ?»

«ተኝቶ ቢሆን ምንም አይሆንም ነበር።»

መዳፋቸውን አዙረው ጠባሳውን አዩት። ይሰድቡኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ ስልካቸውን አነሡ።

«ዳኒ! እኔ አይደለሁም! ጭንቅላቴ ደኅና ነው!»

«ማ ኮሬ፣ ኢማ? ምን ሆንሽ?» አለ ዳኒ፤ ድንጋጤው ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር።

«እሳቱን እኔ አላስነሣሁም! እነኋት፣ ራሷ ትንገርህ» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ነገርኩት። ጮኸብኝ፤ ደግ አደረገ። ጩኸቱ ሲያልቅ ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ የአረጋውያኑን መኖሪያ እንደሚሰርዝ፣ እሑድም ምድጃውን ይዞ እንደሚመጣ ለእናቱ ነገራቸው። እማማ ይታይሽ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። አሁን ፊታቸው ላይ ቁጣ ነበር፤ እውነተኛ ቁጣ። አይቼባቸው አላውቅም።

«ያን ቀን ይቅር ብያለሁ ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«መልሰሽ ውሰጂው። ላላጠፋሁት ጥፋት የተሰጠ ይቅርታ እኔ ዘንድ ምን ያደርጋል?»

ጠባሳ ያለበትን መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ። እንዴት እንደሚወሰድ አላወቅሁም። እጄን መዳፋቸው ላይ አድርጌ «ወሰድኩ» አልኩ። የተሸከሙት ሁሉ ያኔ ከትከሻቸው ሲወርድ በዓይኔ አየሁት።

«እንግዲህ አንቺ ጠይቂኝ» አሉ።

ጠየቅሁ። «ከሰንበት በኋላ እመልስልሻለሁ፤ ዛሬ አርብ ነው፣ ሥራ አለብኝ» ብለው ወደ ካርቶኖቹ አመለከቱኝ። ሳህኖቹን አንድ በአንድ ከጋዜጣቸው ፈታሁ፤ አጥቤም ወደ መደርደሪያቸው መለስኩ። ስወጣ እማማ ይታይሽ ከእናቴ ዱቄትም ምድጃም ሊበደሩ በራችንን እያንኳኩ ነበር።

ከሰንበት በኋላ ወደ ሌሎቹ አረጋውያን ቤት ሁሉ እሄዳለሁ፤ የእነሱንም ሰንበት ወስጃለሁና። ኤታይም ይሰማል። እናንተ ማሩኝ አልላችሁም፤ የምትምሩኝ እናንተ አይደላችሁም። እሳቸው ምን እንደሚመልሱልኝም አላውቅም። ብቻ ከእናቴ ምድጃ የዳቦ ሽታ ወደ መተላለፊያው እየወጣ ነው፤ የሕንፃው ልጆችም ደረጃው ላይ መንጫጫት ጀምረዋል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ይህን ኮምፒዩተር አጠፋዋለሁ፤ የዛሬው ግን በእውነት ይጠፋል።