የዴልማ ፓርቲ

ዴልማ ባርዊክ ምክር ቤት የገባችው ማንም ሳይልካት ነው። ፓርቲ አልነበራት፣ ሊቀ መንበር አላጨበጨበላትም፣ ፎቶዋን በየምሰሶው የሚለጥፍ ወጣትም አልተመደበላትም። የብላክፈርን ሸለቆን አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጣች፤ ጡረታው ሰለቻት፤ ከዚያ የሸለቆውን በር ሁሉ እየዞረች አንኳኩታ "እኔ ነኝ፣ ዴልማ፣ ታውቁኛላችሁ" ብላ ተመረጠች። እኛ በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ይሄ ጉድ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። የላይኛው ምክር ቤታችን ከድሮም የግል ተመራጮች መናኸሪያ ነው፤ እንዲያውም ፓርቲ ያለው ሰው እዚያ ሲገባ ትንሽ እፍረት እፍረት ይለዋል።

ግን የግል ተመራጭ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ስሙ የግል ይሁን እንጂ፣ የመንግሥት ተጠሪው ሻይ ክፍል ውስጥ ትከሻውን ቸብ ቸብ ካደረገው በቃ፣ እሺ ባይ ነው። ዴልማ ግን ግትር ናት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሊደግፋት የመጣው ሰው እንኳ ደንግጦ እስኪመለስ ድረስ ነው ግትርነቷ። ረቂቅ ሕግ ሲመጣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ታነባለች። ያልገባትን ትጠይቃለች፤ መልሱ ካልጣማት ደግማ ትጠይቃለች። በገባች በመጀመሪያው ዓመት ብቻዋን "እቃወማለሁ!" እያለች ስንት ጊዜ እንደጮኸች እሷም አታስታውሰውም።

የብቻ ጩኸት ደግሞ በዚያ ቤት ከንቱ ነው። መጀመሪያ ድምፅ የሚሰጠው በአፍ ነው። ውጤቱን ያልተቀበለ አባል "ቆጠራ!" ይላል፤ ደወል ይደወላል፤ የሚደግፍ ከምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ወንበር በስተቀኝ፣ የሚቃወም በስተግራ ይቀመጣል፤ በሩ ይቆለፍና የእያንዳንዱ ስም ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ነገር ግን በአንዱ ወገን የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ቆጠራው ይቀራል። የማንም ስም አይጻፍም። ስም እንዲጻፍ ቢያንስ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፣ ዴልማ ደግሞ ሁለተኛ ሰው አግኝታ አታውቅም።

ይሄንን ነገር ሮስ ቲልያርድ የሚባል አንድ ቀልደኛ አባል መጫወቻ አደረገው። ዴልማ ሻይ ክፍል ብቻዋን ተቀምጣ ሳንድዊቿን ስትፈታ ባየ ቁጥር ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል።

"እሽሽ! ዝም በሉ እንጂ! የዴልማ ፓርቲ ጉባኤ ላይ ነው። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል!"

ቤቱ በሳቅ ያውካካል። ዴልማም አፏ አያርፍ።

"አዎ፣ አንተን ለማባረር አሁን በሙሉ ድምፅ ወስነናል።"

እንዲህ እየተባባሉ ሳለ ነው፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የገጠር ትራንስፖርት ረቂቅ ሕግ ከታችኛው ምክር ቤት አልፎ የመጣው። ጥቂት ሰው የሚጭን የአውቶቡስ መስመር በሚኒስትሩ ፊርማ ብቻ እንዲዘጋ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረበት። ሐሳቡ ጨርሶ የቂል ሐሳብ አልነበረም፤ ባዶ አውቶቡስ ተራራ ለተራራ ሲንከራተት ማየት ማን ይወዳል? ችግሩ የብላክፈርን አውቶቡስ ባዶ አለመሆኑ ነው። ውስጡ አይቪ አለች።

አይቪ የዴልማ ታላቅ እህት ናት። ኩላሊቷ ከከዳት ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት በዚያ አውቶቡስ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሆባርት ትወርዳለች። መኪና እንዳትነዳ ሐኪም ከልክሏታል። አውቶቡሱ ከቀረ ያላት ምርጫ አንድ ነው፤ አባታቸው በእጁ የሠራውን ቤት፣ የፖም ዛፎቿንና ሁለት ውሾቿን ትታ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል መከራየት።

"እዚያ ከምገባ እጥበቱን እተወዋለሁ" አለች አይቪ። "ተናግሬያለሁ።"

እጥበት መተው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ዴልማም እህቷን ታውቃታለች፤ አደርጋለሁ ያለችውን ታደርጋለች። ግትርነቱ የቤተሰብ ነው።

ስለዚህ ዴልማ አንዲት ማሻሻያ ጻፈች፤ ለሕክምና የሚመላለስ ሰው ያለበት መስመር፣ ሌላ ማጓጓዣ በቦታው ሳይተካ አይዘጋም የምትል። ከዚያ ወገቧን ታጥቃ ተነሣች። ያልደወለችለት አባል፣ ኮሪደር ላይ አንቃ ያልያዘችው የለም። ሁሉም አዘኑላት፣ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሁሉም ግን ለመንግሥት ተጠሪው ለጁልያን ራስክ እሺ ብለውታል። በመጨረሻ የቀራት ሎርን ፓይበስ ነበር፤ የጎረቤት ወረዳ ተመራጭ፣ ሽማግሌ ፖም አምራች፣ በዚያ ቤት እንደ እሱ የቆየ የለም።

"ቃል ሰጥቻለሁ፣ ዴልማ" አላት።

"ሳታነበው ነው ቃል የሰጠኸው!"

"አንብቤዋለሁ።"

"እንግዲያው ሳይገባህ ነው!"

የሎርን ጆሮ ቀላ። "አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ታሳምኛለሽ ወይስ ትደበድቢያለሽ?" አለና የቢሮውን በር ፊቷ ላይ ዘጋው።

እሑድ ዕለት ዴልማ ብላክፈርን ወጣች። አይቪ በረንዳው ላይ ውሾቿን እያበጠረች ነበር። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ትልቁ ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ ተሰቅሏል። ልጃገረድ ሳሉ በየአውራጃው ትርዒት ሁለቱ እህቶች በዚያ መጋዝ የባሕር ዛፍ ግንድ እየቆረጡ ወንዱን ሁሉ አፍ ያስከፍቱ ነበር። ዛሬ አይቪ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ የውሻ ማበጠሪያም ይከብዳታል።

"እህስ፣ ያ ፖም ሻጭ ምን አለሽ?"

"ቃል ሰጥቻለሁ አለ።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

ዴልማ ያለችውን ነገረቻት። አይቪ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት።

"እየገፋሽ ነዋ!"

"ምኑን?"

"መጋዙን ነዋ! ስንት ዓመት ነው ይሄንን ስልሽ የኖርኩት? ትገፊያለሽ፣ ምላጩ ይጣመማል፣ ግንዱ ውስጥ ይሰነቀራል፣ እንሸነፋለን፣ ከዚያ እኔን ትቆጪኛለሽ። የሁለት ሰው መጋዝ አይገፋም፣ ዴልማ። የራስሽን ትስቢና ትለቂያለሽ። መልሶ መሳብ የወዲያኛው ሰው ሥራ ነው።"

"ባይስብስ?"

"ካልሳበ አልሳበም። አንቺ እየገፋሽበት ግን እንዴት አድርጎ ይስበው?"

"ሎርን ፓይበስ ግንድ እኮ አይደለም፣ አይቪ።"

"እሱስ ከግንድም ይብሳል። ቢሆንም እጅ አለው።"

ዴልማ አኮረፈች። ነገሩ አንጀቷን ያሳረራት እህቷ ልክ ስለሆነች ነው።

ሕጉ የሚወሰንበት ቀን ጠዋት ምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ከሎርን ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ሰውየው ገና ሲያያት ትከሻውን አጠነከረ፤ ሊመጣ ያለውን ዱላ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

"ሎርን፣ ባለፈው ጮኼብሃለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አለችው። "ዛሬ ማሻሻያዬን አቀርባለሁ። ቆጠራ እጠይቃለሁ። በስተቀኝ እቀመጣለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በቃ።"

ጥላው ወደ ላይ ወጣች። ወይ አበሳ! ምላሷ እንዴት አድርጎ እንደበላት እሷ ናት የምታውቀው። አንድ መቶ ነገር አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ሁሉንም ዋጠችው።

"ሌላ የምትይኝ የለም?" ሲል ከኋላዋ ተጣራ።

"የለም" አለች፣ ሳትዞር።

ከሰዓት በኋላ የምክር ቤቱ ቀያይ ወንበሮች ሞሉ። አይቪ እጥበት የሌላት ቀን ስለነበር በዚያው በአውቶቡሷ መጥታ፣ አረንጓዴ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ፔርሙሷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በእንግዶች ሰገነት ላይ ተሰይማለች። ዴልማ ተነሥታ አጭር ንግግር አደረገች። ማንንም አልወቀሰችም፤ ከሸለቆው ለሕክምና የሚወርደው ሰው ማን እንደሆነና አውቶቡሱ ሲቀር ምን እንደሚሆን ብቻ ተናግራ ተቀመጠች። ጁልያን ራስክ ተነሣ።

"ክብርት አባሏ ለእህታቸው ያላቸውን ፍቅር እጅግ አከብራለሁ" አለ። "ሕግ ግን ለአንድ ቤተሰብ ተብሎ አይጻፍም።"

የዴልማ ፊት እሳት ሆነ። ድሮ ቢሆን ኖሮ ጣሪያውን ታነሣው ነበር። ቀስ ብላ ተነሣች።

"ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እህቴ መሆኗን አልደበቅሁም። ክቡር አባሉም እህት ይኖራቸው ይሆናል።" ይህን ብላ ቁጭ አለች።

ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ጠየቁ። "የምትደግፉ?" ሲሉ የዴልማ ድምፅ ብቻ ተሰማ። "የምትቃወሙ?" ሲሉ ቤቱ አስተጋባ። ዴልማ "ቆጠራ!" አለች፤ ደወሉ ተደወለ። አባላቱ እየተንጠባጠቡ በስተግራ ሄደው ተደረደሩ። ዴልማ በስተቀኝ ባለው ረጅም ወንበር ላይ ብቻዋን ቀረች። ቲልያርድ ከወዲያ ማዶ "ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል" ብሎ አንሾካሾከ፤ ዛሬ ግን የሳቀለት ጥቂት ነው።

በዚያን ጊዜ ሰገነቱ ላይ አይቪ ብድግ አለች። ሁለት እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ቆመች። አስተናጋጁ እንድትቀመጥ በእጁ ጠቆማት፤ ያላየች መሰለች። ሎርን ፓይበስ ቀና ብሎ አያት። ወደ ዴልማ አየ። ዴልማ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፤ እሱን አታየውም።

ሽማግሌው ተነሣ። ወለሉን እያነከሰ አቋርጦ መጣና ዴልማ አጠገብ ተዘረፈጠ፤ ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

"ሎርን፣ ተሳስተሃል" አለ ራስክ በድንጋጤ። "እኛ በዚህ በኩል ነን።"

"እዚህ ቤት የገባሁት አንተ ዳይፐር ላይ ሳለህ ነው። ቀኝና ግራዬን አውቃለሁ።"

"ቃል ሰጥተኸኝ ነበር እኮ!"

"ሰጥቼህ ነበር፣ አጠፍኩት። ነገ ና ፊቴ ላይ ስደበኝ።"

አሁን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሁለት ሰው ተገኘ፤ ስም ሊጻፍ ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ አባል መንደሩ ተመልሶ "እኔማ ልቤ አልወደደውም ነበር" ማለት ይችል ነበር። ከአሁን በኋላ ግን ቃለ ጉባኤው ይናገራል። ደወሉ ገና አልቆመም። በተራራማው ወረዳ የተመረጠችው ጉዌንዳ፣ በወረዳዋ ስንት እንዲህ ያለ አውቶቡስ እንዳለ ሳታስብ አልቀረችም፣ ቦርሳዋን አንሥታ ተሻገረች። አንድ የበግ አርቢ ተከተላት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። በስተቀኝ ሰባት ሆኑ፣ በስተግራም ሰባት።

ሰባት ግን አይበቃም። ድምፅ እኩል ከሆነ ፕሬዚዳንቱ በቤቱ ልማድ ሕጉን እንደመጣ የሚተው ድምፅ ነው የሚሰጡት። ደወሉ ቆመ። በር ጠባቂው እጁን መቀርቀሪያው ላይ አደረገ። ዴልማ ከማዶ ቲልያርድን አየችው፤ አንገቱን እያከከ አቀርቅሯል። "ና እንጂ አንተ!" ልትል አፏን ከፈተች። ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

ቲልያርድ ቀና አለ። "የዴልማ ፓርቲ" አለ ጉሮሮውን እየጠራረገ፣ "አባል ይቀበላል?"

"የመባረር ውሳኔህ ተሽሯል። ቶሎ ግባ!"

በሩ ሲቆለፍ ቲልያርድ ገና ጠጋ ጠጋ እያስባለ በሰው መሃል ይሸጎጥ ነበር። ስምንት ለስድስት። ጸሐፊው ስሞቹን ጮክ ብሎ አነበበ፤ "ባርዊክ፣ ፓይበስ…" ሲል ዴልማ ከስሟ ቀጥሎ የሰው ስም ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበርና ዕንባዋ ዱብ አለ። አላፈረችበትም።

ሲወጡ ራስክ በአጠገቧ ሲያልፍ "ታችኛው ምክር ቤት ስንመልሰው በዚህ አንጣላም፣ ያልፋል" አላት፣ ቅር እያለው። ሎርን ደረጃው ላይ ባርኔጣውን እያሻሸ ቆሞ ጠበቃት።

"ምን ነካህ?" አለችው።

"ጠዋት ትጮሂብኛለሽ ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ጥሩ መልስ! አልጮኽሽም። መልሱን ታቅፌ ቀረሁ። ለራሴ ደጋግሜ ስናገረው ውሸት ሆኖ አገኘሁት።"

አይቪ ባርኔጣዋን እያስተካከለች፣ ብረቱን ተደግፋ፣ ደረጃ በደረጃ ወረደች። ዴልማ ሮጣ ክንዷን ያዘቻት።

"እህስ? ምን ትያለሽ?"

"መጨረሻ ላይ ልትገፊ ነበር። አይቼሻለሁ።"

"ግን አልገፋሁም!"

"አልገፋሽም" አለች አይቪ። የእህቷን ጉንጭ ዳበሰች። "ጎበዝ።"

"በይ ነይ፣ ደክሞሻል። በመኪናዬ ቤት ላድርስሽ።"

አይቪ የተሰደበች ያህል ዞራ አየቻት።

"የምን መኪና? ይሄ ሁሉ የተለፋው ታዲያ ለምን ኖሯል? አውቶቡስ አለኝ!"

ፔርሙሷን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ቀስ እያለች፣ ወደ ፌርማታው ሄደች።