ያልደረቀው በሶብላ

የልጅ ልጆቼ፣ በሶብላ ከመውቀጤ በፊት ለምን እያንዳንዱን አገዳ ሰብሬ እንደምፈትሽ ይጠይቁኛል። አንድ ቀን እንዲያነቡት ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

አምቦ፣ ጓሮዬ ውስጥ ከጤና አዳሙ ጎን በሶብላ ጠፍቶ አያውቅም። ራሳችንን ሲያመን ቅጠሉን በመዳፋችን ፈትገን እናሸተዋለን፤ ሆድ ሲቆርጠን አፍልተን እንጠጣለን፤ አበባው ሲደርቅ ለበርበሬና ለቅቤ ይሆናል። ጎረቤት ሲቀነጥብ ከልክዬ አላውቅም። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ለዘማቾች ስንቅ በርበሬ አዘጋጁ ሲለን ግን፣ "በሶብላው ከአዴ ጓሮ ይምጣ" ብለው፣ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለታቸው ነው፣ ወደ እኔ መጠቆማቸው አንገበገበኝ። ሌላው ጓሮውን ባዶ ስላደረገ ምንም ሳያዋጣ ሊቀር ነው?

ጣሪያ ሥር የሰቀልኩት ሁለት እስር ነበረኝ። አንዱ አገዳው ቀጭ ብሎ የሚሰበር፣ የደረቀ። ሌላው ዝናብ ያገኘው፣ ገና የሚለመጥ። የደረቀውን ለቤቴ አስቀርቼ የሚለመጠውን ወሰድኩ።

በቀበሌው ግቢ ከጎኔ የምትወቅጠው ጎረቤቴ ነበረች፤ ከደቡብ መጥቶ ሱቅ የከፈተው ሙስሊም ነጋዴ ሚስት። በሶብላውን በጣቷ አሸት አደረገችው።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ እርጥብ ነው።"

"ዝም ብለሽ ውቀጪ። በርበሬው ያደርቀዋል።"

ወቀጠች። በላስቲክ እየሞላች ያሰረችውም እሷ ነበረች።

በሳምንቱ ተጠራን። ላስቲኮቹ ሲፈቱ በርበሬው ነጭ ሻጋታ ለብሷል።

"ማነው ያሰረው?" አለ ሊቀመንበሩ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

"የነጋዴ ሚስት! ሚዛን እንዲደፋ ውኃ ረጭተሽበት ነዋ! ይሄ አሻጥር ነው። ሱቁ ይታሸጋል፤ አንቺም ከዚህ አትወጪም።"

"ስኳሩንም እንዲሁ ነው የሚያረጥቡት!" አለች አንዷ ከኋላ። ተሳቀ።

ጎረቤቴ ጡት የሚጠባ ልጅ አዝላለች። አንዴ አየችኝና አቀረቀረች። "እሷ ናት" ብላ ብትጠቁመኝ ኖሮ ዓይኔን በጨው አጥቤ እክድ ነበር መሰለኝ። እሷ ግን የልጇን አንቀልባ አጠበቀች። ተነሣሁ።

"ውኃ አልረጨችም። በሶብላው ነው እርጥብ የነበረው፤ የእኔ ነው። ነግራኝ ዝም አሰኘኋት።"

"አዴ፣ አውቀው ነው?"

"አውቄ ነው። የደረቀው ቤቴ ተሰቅሏል።"

"ታዲያ አሻጥረኛዋ አንቺ ነሻ!" አክብሮቱ እዚያ ላይ አለቀ።

"ስስታሟ እኔ ነኝ። የፈለጋችሁትን ፍረዱብኝ፤ የእሷን ሱቅ ግን አትነኩም።"

የቤቴን የዓመት በርበሬ፣ ከነደረቀው በሶብላ፣ እንድተካ ተፈረደብኝ። እሷን ለቀቋት።

ከቤቴ ጆንያውን ስጎትት ያንኑ ልጇን እንዳዘለች መጥታ በሌላው ጫፍ ያዘችልኝ። ቀበሌው በር ላይ ስንደርስ ከእስሩ አንድ አገዳ መዝዛ ጆሮዬ ሥር ሰበረችው። ቀጭ አለ።

"ይሄኛውስ ደርቋል፣ እትዬ" አለችኝ።

አልሳቀችም። እኔም ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።