ስምንተኛ «ለ» ውስጥ የምታድረው ተማሪ

ባሌ ገብረየስ ዋሽቶ አያውቅም። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ስንት ጊዜ እንዳቃጠለኝ እኔ ነኝ የማውቀው። እንግዳ መጥቶ፣ እኔ ደግሞ ደክሞኝ «የለችም በላቸው» ስለው፣ በር ድረስ ወጥቶ «የሺ የለችም በላቸው ብላኛለች፣ ግቡ» የሚል ሰው ነው። ከእንደዚህ ያለ ሰው ጋር እንዴት ይኖራል? ኖርኩ እንግዲህ።

እኔ መሃል ከተማ ሱቅ ተከራይቼ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እሱ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ የስምንተኛ «ለ» የክፍል ኃላፊም ነው። ወሎ ተወልዶ በሥራ ምክንያት ሐዋሳ መጣ፣ እዚሁ ቀረ። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ስለዚህ በየዓመቱ የሚመጡት ተማሪዎች ሁሉ የሱ ልጆች ናቸው፤ እራት ላይ የሚወራው የነሱ ነገር ነው፣ ማን ክፍልፋይ እንደገባው፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ። አንዳንዴ ይሰለቸኛል። ግን እሰማለሁ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ዝናቡ አልቆም አለ። ሐይቁ ሞልቶ ዳር ያሉት ቤቶች ውስጥ ገባ። ከቤታቸው የወጡት ሰዎች የት ይግቡ? ትምህርት ቤት። ትምህርቱ ተዘጋ፣ ዴስኮቹ ግድግዳ ስር ተደራረቡ፣ በየክፍሉ ሦስት አራት ቤተሰብ ገባ። ስምንተኛ «ለ» ከገቡት አንዷ ገበያነሽ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ዓሣ እየሸጠች ነው የምትኖረው። ሽባ እናቷንና አንድ ልጇን ሩሀማን ይዛ ገባች። ሩሀማ ደግሞ የዚያው የስምንተኛ «ለ» ተማሪ ናት። ፍራሻቸውን የዘረጉት ልጅቷ ስትማር ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ነው።

ገብረየስ ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ። «እንግዲህ አርፍዳ አትመጣም» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው።

ለጥቂት ቀን ነው ተብለው የገቡት ሰዎች ሳምንታት ቆዩ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀን ግን ንቅንቅ አላለም። ከበላይ መመሪያ መጣ፦ የባከኑት የትምህርት ቀናት ተካክሰው ካላለቁ ተማሪዎቹ አይፈተኑም። ማካካሻው የት ይሰጥ? እሱን መመሪያው አይናገርም። ገብረየስ ክፍል ፍለጋ ሲዞር ሰነበተ። አጠገባቸው ያለው ትምህርት ቤት በሁለት ፈረቃ ተጨናንቆ መቆሚያ እንኳ የለውም። ቢቸግረው አንድ ቅዳሜ ጠመኔውን ይዞ እነ ገበያነሽ ያሉበት ክፍል ሄደና በሩ ላይ ቆመ። እንዳፈረ ገብቷታል መሰለኝ፣ «ግቡ መምህር፣ የእርስዎ ቤት አይደል እንዴ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የለ እሑድ የለ። እሑድ እኛም ከቤተ ክርስቲያን፣ እነሱም ከጸሎት ቤታቸው እንደተመለስን ትምህርት ነው። ልጆቹ ሳይመጡ ሩሀማ ክፍሉን ትጠርጋለች፣ ፍራሹንና ድስቱን ወደ ጥግ ትገፋለች፣ ዴስኮቹን ታወርዳለች። እናቶቹ ሕፃናቱን ይዘው በረንዳ ላይ ይወጣሉ። የሩሀማ አያት መነሳት ስለማይችሉ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ተኝተው ይሰማሉ። አማርኛ እምብዛም አያውቁም። ሩሀማ ጥያቄ ስትመልስ ግን በቋንቋቸው፣ በሲዳሙ አፎ፣ የሆነ ነገር ይላሉ፣ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። «ምንድን ነው የሚሉት?» ብዬ ጠየቅሁት ገብረየስን። «‹አየህ አንተ መምህር፣ የኔ ናት› ነው የሚሉኝ» አለኝ። እሱም ደስ ብሎት ነበር። ያን ሰሞን ነው ለመጨረሻ ጊዜ ደስ ብሎት ያየሁት።

የልጅቷን ዩኒፎርም ውሃ ወስዶባት በቤት ቀሚስ ነበር የምትማረው። ሱቅ አስጠርቼ ለካኋት። ቀጭን ናት፣ ትከሻዋ የወፍ ነው። «እትዬ የሺ፣ ትንሽ ይርዘምልኝ፣ ዘጠነኛ ክፍልም እንድለብሰው» አለችኝ። ዘጠነኛ ሌላ ትምህርት ቤት ነው፣ ቀለሙም ሌላ ነው። እያወቅሁ አስረዘምኩላት።

ከዕለታት አንድ ቀን ሱፐርቫይዘር መጣ። ክፍሉን አየ፣ ዴስኮቹን አየ፣ ጥግ ላይ የተኙትን አሮጊት አየ። ገብረየስ በኩራት ምን ምን እንዳስተማረ አስረዳው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሰማና ትምህርት ቤቱ በይፋ ዝግ እንደሆነ ነገረው። በዝግ ትምህርት ቤት የተሰጠ ትምህርት አይቆጠርም። እንዲቆጠር ትምህርት ቤቱ መከፈት አለበት፤ ሰው የሚያድርበት ትምህርት ቤት ደግሞ አይከፈትም። አዝኖ ነው የተናገረው አሉ። ወይ ነዶ! ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ይረገማል፣ ይወጣል። ይሄኛው ግን ይቅርታ እየጠየቀ ነው የገደለን።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ባዬ ደግሞ ሰዎቹ የሚሰሙት አንተን ነው፣ አንተ ንገራቸው ብሎ ነገሩን ገብረየስ ላይ ጣለው። ከድጡ ወደ ማጡ። ያን ቀን እኔም አብሬው ሄጄ ነበር፣ ብቻውን አይችለውም ብዬ። ግቢው ውስጥ ሰዉ ተሰበሰበ። ባሌ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደገና ጠረገ። በመጨረሻ እንዳለ ነገራቸው፦ ካልወጡ ልጆቹ አይፈተኑም፣ ቢወጡ የሚገቡበት የላቸውም፣ እሱም የሚለው ጠፍቶታል። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ልጅ የሌለው ሰው ነው የሚያስወጣን» አሉ። ሰምቶታል። እኔም ሰምቻለሁ። አፌ ድረስ የመጣውን ዋጥኩት፤ ሰውየው ቤቱን ውሃ የወሰደበት ነው፣ ምን ይባላል።

ገበያነሽ ከሰዉ መሃል ወጣች።

«ልጄ ትፈተናለች ወይ?» አለችው።

«ትምህርት ቤቱ ከተከፈተና እሷም ካልቀረች፣ ትፈተናለች» አላት።

«እንግዲያው እኔ ወጣሁ።»

ገባችና ፍራሿን ጠቅልላ ተሸክማ ወጣች። ሌሎቹ ቆመው አይዋት። ከዚያ አንዷ ሕፃኗን አዝላ ገባች፣ ድስቷን ይዛ ወጣች። በዚያው ቀን ግቢው ባዶ ሆነ። ማንም አላስወጣቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የወጡት። እኔ ግን በደስታ ሲወጡ አላየሁም፣ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ገበያነሽ የሄደችው ከቱላ ወዲያ፣ ወንዝ ማዶ፣ ወንድሟ ቤት ነው። ገና እቃዋን ስትጭን ይዣት፣ ልጅቷ እስክትፈተን እኛ ጋ ትሁን ብዬ ለመንኳት። አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ መምህሩ አለ። ገበያነሽ እጄን ያዘችኝ። እሷ ጎህ ሳይቀድ ለዓሣው ትወጣለች፤ እናቷን የሚያነሳ፣ የሚያገላብጥ፣ ንጹሕ የሚያለብስ ሩሀማ ብቻ ናት፣ ጠዋትና ማታ። ለትምህርት ሰዓት የወንድሟ ሚስት ትጠብቃቸዋለች፤ ከዚያ በላይ አታስቸግሪኝ ብላታለች። ምን ልበላት? ድስቷን አንስቼ አቀበልኳት።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ማካካሻው እንደገና ከዜሮ ተጀመረ፣ አሁን የሚቆጠረው። የውሸት ማካካሻ እየተጻፈ አስቸግሯል ተብሎ ከበላይ ሰው በየቀኑ እየመጣ የተማሪ ራስ ይቆጥራል። ከተወሰነው በላይ የቀረ ከፈተና ይሰረዛል ተባለ። ሩሀማ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ትደርሳለች፤ ግማሹን በእግሯ፣ ሰው ሲያዝንላት ግማሹን በባጃጅ። በር ላይ እግሯን ታጥባ ትገባለች። ገብረየስ ማታ ሲገባ ሌላ ወሬ የለውም፤ መጣች ካለኝ እበላለሁ፣ እሱም ይበላል።

ከዚያ ዝናቡ ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ ደህና ነው፣ ሐይቁም ዳሩን አላለፈም። የሞላው ያ ወንዝ ነው። ሩሀማ ጠዋት ወንዙ ዳር ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ ይጎድል ይሆናል ብላ ትጠብቃለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች። በማግሥቱም እንደዚያው። ሊያሻግሯት የሞከሩ ሰዎች ራሳቸው ተወስደው ለጥቂት ተርፈዋል። ወንዙ ጎድሎ ስትመጣ ስሟ ተሰርዟል።

ገብረየስ ሱፐርቫይዘሩ ዘንድ ሄደ። እኔም ተከትዬው ሄድኩ፤ ሲቆጣ አይቼው ስለማላውቅ ፈርቼ ነው። አልጮኸም።

«ውሃው ትምህርት ቤቱን ሲዘጋው ‹ተዘጋ› አላችሁ። እሷን ሲዘጋት ‹ቀረች› አላችሁ። ውሃው እኮ አንድ ውሃ ነው» አለው።

«መምህር፣ በነዚያ ቀናት ትምህርት ቤቱ ክፍት ነበር» አለው ሰውየው።

ክፍሉ ውስጥ እያደረች የተማረቻቸው ቅዳሜና እሑዶች ይያዙላት ብሎ ለመነ። አንድም ቀን አልቀረችም፤ የት ትቀራለች፣ ቤቷ ነው። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ያኔ ዝግ ነበር አለ። እንግዲህ ተመልከቱ፦ እሷ ስትኖር ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እሷ የለችም። እሱ እንዲከፈት ደግሞ መጀመሪያ ፍራሿን የተሸከመችው እናቷ ናት። ይህን እያሰብኩ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ለሰው ደንታ የለኝም፣ ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ማታ እራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለኝ ስለ ራሱ። እኔም ተናድጄ፣ ምን አለ ያኔ መጥታለች ብለህ ብትጽፍላት አልኩት። ራስ የሚቆጥረው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር አለኝ። ቀጥሎም «ባይኖር ኖሮ እጽፈው ነበር፣ የሺ» አለ። ደነገጥኩ። ሌላ ሰው ቤቴ የገባ መሰለኝ።

የፈተናው ቀን ስፌቴን ትቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፣ እግሬ ነው የወሰደኝ። ልጆቹ ገብተዋል፣ በሩ ተዘግቷል። ሩሀማ በሩ ፊት ቆማለች። ያንን ረጅም ዩኒፎርም ለብሳ፣ እርሳስና ላጲስ በእጇ ይዛ። ዘበኛው ፊቱን አዙሮ መሬት መሬቱን ያያል። ገብረየስ በራሱ ትምህርት ቤት ፈታኝ ስለማይሆን ውጭ አጥሩ ስር ተቀምጦ ነበር፤ ሲያያት ተነስቶ መጣ።

ለእናቷ አልነገረቻትም። መሰረዟን አንጀቷ አልችል ብሎ ደብቃት፣ ጠዋት ተመርቃ ነው የመጣችው። አያቷም መርቀዋታል። ገብረየስም ቢሆን ለገበያነሽ መልእክት ሊልክ እያሰበ ሳይችል ቀርቷል።

«መምህር፣ ዝም ብዬ ብቀመጥስ?» አለችው። «አያርሙልኝ። ግን ልፈተን።»

እጇን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳት፣ እሱ ከኋላችን መጣ። ቤት ያለችኝን የስፌት መኪና ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። እሱ የአምናውን የፈተና ወረቀት ከመደርደሪያ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠላት፣ ሰዓቱን አውልቆ አጠገቧ አኖረና «ጀምሪ» አላት። ሩሀማ አቀርቅራ ሠራች፤ እሱ ልክ እንደ ፈታኝ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ወረቀቷን ግን አያይም። ሻይ ላቅርብላት ብል በእጁ ከለከለኝ። ሰዓቱ ሲደርስ ሰበሰበ። እዚያው ቆሞ አረመ። በቀይ እስክሪብቶ እያረመ ከአንደኛው ገጽ ወደ ሁለተኛው ሲያልፍ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

አለፈች። እንዲያው ለትንሽ አይደለም፣ አሳምራ ነው ያለፈችው። ውጤቱን ሲነግራት ፈገግ አለች፣ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው። ለመስከረም መጥተሽ እንደገና ትመዘገቢያለሽ አላት፣ እሺ አለችው፣ ልጅ ለትልቅ ሰው እሺ እንደሚለው። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። የቱላ ታክሲ እንዳያመልጣት ስትነሳ፣ በር ላይ ዘወር አለች።

«እናቴ ትጠይቀኛለች። ይቆጠራል ልበላት?»

ገብረየስ እኔን አየኝ። ቀጥሎ እሷን አየ።

«በያት» አላት።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ባሌ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ነው።