የመልካ ሮቢው ቀዛፊ

ዋጋሪ ባቻን ያወቅሁት በ1978 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ከዲጋ በታች ዲዴሳ ወንዝ ዳር በተቆረቆረው የሰፈራ ጣቢያ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ነው። አምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነበር። መልካ ሮቢ በሚባለው መሻገሪያ ሃያ ስድስት ዓመት ታንኳ ቀዝፏል። ሮቢ በኦሮምኛ ጉማሬ ማለት ነው። ከመሻገሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ ወንዙ የሚታጠፍበት ጥልቅ ቦታ አለ፤ አሥራ ዘጠኝ ጉማሬዎች እዚያ ይውሉ ነበር። ቁጥራቸውን የነገረኝ እሱ ነው። እኔማ ብቆጥር ብቆጥር ከሰባት አላልፍም፤ አንዱ ብቅ ሲል ሌላው ይጠልቅብኛል።

በዚያው ወር ለጣቢያው ሁለት የሞተር ጀልባዎች መጡ። ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች የሚያመርቱት በቆሎ ከወንዙ ወዲህ ነው፤ የነቀምቴ መኪኖች የሚደርሱት ደግሞ ከወንዙ ወዲያ፣ ከመታጠፊያው በታች ነው። ጀልባዎቹ የግድ በጉማሬዎቹ መዋያ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። አንዷን የሚነዳት ነመራ የሚባል የነቀምቴ ልጅ ነው፤ ቀድሞ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሁለተኛዋን የያዛት ገብረኪዳን ነበር። ገብረኪዳን ከላስታ የመጣ ሰፋሪ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በእግሩ የማይሻገረው ወንዝ አይቶ አያውቅም። ሦስት ሳምንት አሠልጥነውት መሪውን አስያዙት። ስለ ሞተሩ ተማረ፤ ስለ ወንዙ ግን ማንም ምንም አልነገረውም።

የካቲት ሳያልቅ የነመራ ጀልባ አንዲት ሴት ጉማሬ ላይ ወጣች። ከሥር የሚሽከረከረው ስለታም ብረት ጀርባዋን ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ተለተለው። ጀልባዋ ተንገጫግጫ አለፈች፣ ሰውም ተሳሳቀ። ጉማሬዋ ግን ወዲያው አልሞተችም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደንገሉ ውስጥ ሆና ስታቃስት ከትምህርት ቤቱ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ተማሪዎቼ ጸጥ ሲሉ ድምፁ ይመጣል። በስድስተኛው ቀን የዋጋሪ ጎረቤት ዱቤ፣ እንደ ልማዱ ታንኳውን እየቀዘፈ በደንገሉ አጠገብ ሲያልፍ ወጣችበት። ታንኳው ለሁለት ተሰነጠቀ። ዱቤን ከሦስት ቀን በኋላ ታች ድንጋይ ላይ ያገኘው ዋጋሪ ነው። በጀርባው ተሸክሞ አመጣው።

የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ወልደዮሐንስ የሚባል ሰው ነበር። ጉማሬዎቹ በሚሊሺያ ተተኩሶባቸው እንዲጠፉ ወሰነ፤ ጥይቱ ግን ከነቀምቴ መፈቀድ ነበረበት፣ ፈቃዱም ቶሎ የሚመጣ አልሆነም። ዋጋሪ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ መጣ። አማርኛዬ ለገበያ ይበቃል እንጂ ለቢሮ አይበቃም ብሎ አብሬው እንድገባ ለመነኝ። ገባን።

«ጓድ» አለው፣ «ጉማሬዋ መንገድ ዘግታ አይደለም። ሾፌሮቹ መንገዷን አያውቁም። እኔ ላስተምራቸው።»

ወልደዮሐንስ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ ሰፋሪውን ያመጣነው አውሬ እንዲጠብቅ ነው ወይ ሲል ጠየቀ።

«ሰውም ይጠበቃል። ዱቤን የገደለው የሞተሩ ቁስል ነው።»

ኃላፊው፣ ጥይቱ እስኪፈቀድ ድረስ ከሆነ አስተምር፤ ሥራ ግን እንዳታስፈታ አለው።

ትምህርቱ እሑድ እሑድ፣ ከጣቢያው ስብሰባ በኋላ፣ መሻገሪያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ይሰጥ ነበር። ሾፌሮቹ ብቻ ሳይሆኑ የአካባቢው ታንኳ ቀዛፊዎችና ጀልባ የሚሳፈሩ ሴቶችም ይመጣሉ። ዋጋሪ አሸዋው ላይ ወንዙን ይሥላል። ከዚያ ቅል ሰብሮ በግንድ ገንዳ ውስጥ ይደፋውና ጫፉ ብቻ ከውሃው በላይ እንዲታይ ያደርጋል። የምታዩት ይህችን ነው፣ ቤት የሚያህለው ከታች ነው ይላቸዋል። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ የሚመለሰው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ፀሐይ ጦር ዘንግ ያህል ከፍ ሳትል ማንም ጀልባ አያንቀሳቅስ፤ መታጠፊያው ላይ ሲደረስ ሞተሩ ይጥፋ፣ የጀልባው ጎን በእንጨት ይመታ፣ ትንፋሽ ሊወስዱ ብቅ እስኪሉና የት እንዳሉ እስኪታወቅ ይጠበቅ፤ ከዚያ በኋላ ጥልቁን ለነሱ ትቶ በቀኝ በኩል ባለው ስስ ውሃ ማለፍ ነው። ግልገል ያላት ስትታይ ደግሞ በእናትና በልጅ መሐል መግባት ሞት ነው አለ። ይህንን እኔ በካርቶን ላይ በሁለቱም ቋንቋ በፊደል ጽፌ ዋርካው ላይ ቸነከርኩት።

ነመራ መጀመሪያ ላይ ያፌዝ ነበር። የመኪና መንገድ ላይ ላም ሲገባ ጥሩንባ ይነፋል እንጂ ሞተር አይጠፋም ይል ነበር። ዋጋሪ አልተቆጣውም። አንድ ቀን በታንኳ ይዞት ወደ መታጠፊያው ወረደና የታንኳውን ጎን ሦስት ጊዜ መታ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነመራ ባዶ ነው ባለው ውሃ ላይ አሥራ አንድ ራስ ብቅ ብቅ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነመራ አላፌዘም።

ገብረኪዳን ግን ከመጀመሪያውም በሙሉ ልቡ የተማረ ሰው ነው። ውሃ ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱንም አይደብቅም። ከሥራ በኋላ ዋጋሪ ዘንድ ሄዶ ይጠይቃል፣ ደጋግሞ ያስረዳኝ ይላል። ዋጋሪ በጀልባው ጫፍ ተቀምጦ «ሱታ፣ ያ ገብረኪዳን፣ ሱታ» ሲለው እሰማ ነበር፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። ገብረኪዳን ቃሉን ወስዶ በላስታ አነጋገሩ ለራሱ ሲደጋግመው ሚስቱ ሸዋርጋ ትስቅበታለች። የዋጋሪ ሚስት ድርቤ ለሁለቱም በቆሎ ትጠብስላቸዋለች። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከተዘጋ ወዲህ፣ ሰው በጥርጣሬ እንዳይታይ ፈርቶ የዋጋሪን ቤት አይደፍርም ነበር፤ ከጣቢያው ሰው ሳይሰቀቅ የሚገባው ገብረኪዳን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሃያ ወር አለፈ። አንድም ጉማሬ አልተመታም፣ አንድም ሰው አልሰጠመም። ሁለት ግልገሎች ተወለዱ። የጥይቱ ፈቃድም የተረሳ መሰለ።

በ1980 ኅዳር ላይ አዲስ ትእዛዝ መጣ። ከነቀምቴ የሚመጡ ባለሥልጣናት የበቆሎውን ርክክብ በዓይናቸው ሊያዩ ነው፤ ስለዚህ ጀልባዎቹ ጎህ ሳይቀድ ተጭነው ማለዳ ማዶ እንዲደርሱ ተባለ። ወቅቱ ወንዙ የሚጎድልበት፣ ጉማሬዎቹ ጥልቁ ላይ የሚጨናነቁበት ነው። ዋጋሪ በዚያው ቀን ወደ እኔ መጥቶ ማመልከቻ አስጻፈኝ። በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሁለት ሰዓት ብቻ ይታገሡን፣ ፀሐይ ትውጣ፣ አለበለዚያ ሰው ያልቃል የሚል ነበር። አነበብኩለት፣ አውራ ጣቱን አተመበት። ለጣቢያው ጸሐፊ ስንሰጥ አብሬው ነበርኩ። መልስ አልተሰጠውም።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ ዋጋሪ መሻገሪያው ላይ ገብረኪዳንን አገኘው። ጀልባዋ ላይ ሠላሳ ጆንያ በቆሎና ስምንት ሰው ተጭኖ ውሃው እስከ ከንፈሯ ደርሷል። አትሂድ አለው።

«አባቴ፣ እምቢ ካልሁ ራሽኔን ይቆርጡብኛል» አለ ገብረኪዳን። «ልጆቹን ምን ላበላ ነው?»

ዋጋሪ እንጨቱን ይዞ ከፊት ተቀመጠ። የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው። ጭጋጉ ወንዙ ላይ ተኝቶ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ገብረኪዳን እንደተማረው ሞተሩን አጠፋ፤ ዋጋሪ ጎኑን መታ። ጀልባዋ ግን ከክብደቷ የተነሳ አልቆም ብላ፣ ወራጁ እያዞረ ወደ ጥልቁ ወሰዳት። ገብረኪዳን ወደ ቀኝ ሊያወጣት መልሶ ሞተሩን አስነሳ። በዚያች ቅጽበት ከግጦሽ የምትመለስ እናት ከነግልገሏ ከዳር ወደ ውሃው ገባች። ብረቱ ግልገሉን አገኘው። እናትየው ከሥር ተነሳች፤ ጀልባዋም ከነጭነቷ ተገለበጠች።

ዋጋሪ ሁለት ሴቶችን እየጎተተ አወጣ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ጆንያ ይዘው ዳር ደረሱ። እሱ እንደገና ተመለሰና ብዙ ቆየ። ሲወጣ ገብረኪዳንን ይዞት ነበር፤ ሞቷል። የቀሩት አራቱ በማግሥቱ ሞተው ተገኙ።

ከሳምንት በኋላ ሦስት መርማሪዎች መጥተው እኔ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ማመልከቻው ከፋይሉ ጠፍቶ ነበር። ጓድ ወልደዮሐንስ እንዲህ ያለ ወረቀት አላየሁም አለ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ይህ ሰው አስጠንቅቄ አጽፌያለሁ ይላል፣ የጻፍከው አንተ ነህ ወይ አሉኝ። በዚያ ዓመት ከማውቃቸው አስተማሪዎች ሁለቱ ተወስደው አልተመለሱም።

«ብዙ ሰው ማመልከቻ ያስጽፈኛል» አልኩ። «ይዘቱን አላስታውስም።»

ዋጋሪ በተማሪ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። አየኝ። ቁጣ አላየሁበትም፤ ብቻ ራሱን ዝቅ አደረገ። ጀልባ እየመታ አውሬ አስቆጥቷል፣ በትምህርት ስም ሥራ አጓትቷል ተብሎ ወደ ነቀምቴ ተወሰደና ሰባት ወር ታሰረ። ሟቹ ሾፌር ደግሞ በቸልተኝነት ሰው አስጨረሰ ተብሎ ተጻፈ። የሸዋርጋ ራሽን በግማሽ ተቀነሰ።

ጥይቱም ተፈቀደ። ሚሊሺያዎቹ ሦስት ቀን ከዳር ሆነው ተኮሱ። ወንዙ ጎድሎ ስለነበር የሚጠልቁበት በቂ ውሃ አልነበራቸውም። ስንት እንደሞቱ የሚያውቅ የለም፤ የሚቆጥራቸው ሰው ታስሯል። ሥጋው ለሰፋሪው ይታደል ተባለ፤ አብዛኛው ግን ሃይማኖቱ ስለማይፈቅድለት አልበላም። ዳር ላይ ገማ። ሁለት ሳምንት የትምህርት ቤቱን መስኮት መክፈት አልቻልንም።

ዋጋሪ ሰኔ ላይ ተፈታ። ከስቶ፣ አንድ ጆሮው አልሰማ ብሎት መጣ። ቤቱ ለመሄድ ድፍረት እስካገኝ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ድርቤ አስገባችኝና ወደ ጓሮ ወጣች። የመጣሁበትን በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ፤ ማመልከቻውን አስታውስ ነበር፣ እያንዳንዱን ቃል አስታውሳለሁ አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ስትጽፈው አጠገብህ ተቀምጬ ነበር እኮ።»

ቀጥሎም፣ አንተ ፈራህ፣ እኔም ፈርቼ ነው እንጂ ያን ቀን ጀልባዋን አስሬ ገብረኪዳንን መያዝ ነበረብኝ አለ። ከዚያ ወረቀት እንዳወጣ ነገረኝ። የሚጻፈው ለሸዋርጋ ነው። ገብረኪዳን ያስተማርኩትን ሁሉ አውቋል፣ መታጠፊያው ላይ ሞተሩን አጥፍቷል፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ በዚያ ሰዓት እንዲሄድ ያዘዙት ሌሎች ናቸው አለ። እሱ እንዳለው ጻፍኩ። አውራ ጣቱን አተመ። እኔም ከሥሩ፣ ማስጠንቀቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ስሜን ሙሉ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ሸዋርጋ ወረቀቱን ለጣቢያው አቀረበች። ራሽኗ አልተመለሰም። እኔ ላይም የፈራሁት አልደረሰብኝም፤ መስከረም ላይ ወደ ቢላ ከተማ አዛወሩኝ፣ በቃ ይኸው ነበር። ይህን ብቻ ፈርቼ ነው እንዴ ስል ለራሴ ያፈርኩትን ያህል በሌላ ነገር አፍሬ አላውቅም።

ዋጋሪ በ1982 ክረምት በወባ ሞተ። ቢላ ሆኜ የሰማሁት ከወር በኋላ፣ ለሥራ በመጣ በነመራ አፍ ነው። ለቅሶ ደረስኩ። ድርቤ ምንም አልወቀሰችኝም። ከእስር ከወጣ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ወደ ወንዙ እንዳልወረደ አጫወተችኝ፤ ውሃ እንኳ ከምንጭ ነበር የሚያስቀዳት። ስደርስ የቤቱን በር ፈልጌ ያጣሁትም ለዚህ ነበር። ወደ ወንዙ የሚያየው በር በጭቃ ተመርጎ ተደፍኗል፤ መግቢያው በበቆሎው ማሳ በኩል ሆኗል።