አባቴ ሽማግሌ የጠራበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አንዱ ወጣት ባልደረባዬ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና «ጋሼ፣ ብራውዘሩ እምቢ ሲለኝ ጥበቃውን አጠፋሁት፤ አሁን ይሠራል» አለኝ። ደሜ ፈላ። ልጁ ምን እንዳስቆጣኝ አልገባውም።

ኮሌጅ እንደጨረስኩ፣ ቆቦ ላይ ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር የእህል ዋጋ የሚያሳይ ድረ ገጽ እንሠራ ነበር። የዋጃና የጎብዬ ገበሬ ማሽላውን ደላላ በቆረጠለት ዋጋ እየሸጠ ሲቃጠል አይተን ነው። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ መንገዱ ሁሉ የእሸት ጥብስ ይሸታል። ሙቀቱ ግን ያው የቆቦ ሙቀት ነው፤ ላፕቶፑ እንኳ ያልበው ነበር ብል ማን ይከራከረኛል!

ገጹ ተከፈተ፤ ዋጋው ግን አልመጣም። ገጹና ዋጋውን የሚያቀብለው ሰርቨር በአንድ ላፕቶፕ ላይ ቢሆኑም አድራሻቸው ለየቅል ነው። ሰርቨሩ «ይህን ገጽ አውቀዋለሁ» ካላለ ብራውዘሩ ዋጋውን አያሳልፍም። ባለቤቱ «የኔ ሰው ነው» እስኪል ውሻው እንግዳ እንደማያስገባው ማለት ነው።

ሰርቨሩ የሰይድ ሥራ ነበር። «ፈቃዱን እዚያው ጻፍበት» አልኩት።

«አቦ አታካብድ!» አለና የብራውዘሩን ጥበቃ አጠፋው። ዋጋው ተዘረገፈ። «አየህ? ወላሂ አለቀ!»

አባቴ ይህን አይቶ ደስ ብሎት፣ ዋጋውን እንዲያዩ ከየቀበሌው ሽማግሌ ጠራ። በእኛ አገር ሽማግሌ የሚመጣው በጠሪው ቃል ነው፤ ጠርቶ ያሳፈረ ሰው ሁለተኛ ቢጠራ ማንም አይመጣለትም። የከተማው አዳራሽ ሞላ፤ ደላሎቹም መጥተው ከኋላ ቆሙ። የአዳራሹ ፕሮጀክተር ከእኛ ላፕቶፕ ጋር አልገጥም ስላለ ሰይድ ሥራውን በፍላሽ ገልብጦ በአዳራሹ ኮምፒውተር ከፈተው። የዚያኛው ብራውዘር ጥበቃ ግን አልጠፋም። የአዳራሹ ኃላፊ ደግሞ «የኮምፒውተሬን ሴቲንግ እንዳትነካኩ» ብሎናል። ሰንጠረዡ ባዶ ሆኖ ቀረ።

«አያ እንድሪስ፣ ልጅህ የሚያሳየን ዋጋ ይሄ ነው?» አለ አንዱ ደላላ አባቴን። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ዱላውን አንስቶ ሽማግሌዎቹን ሸኘ።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ፈቃዱን ሰርቨሩ ላይ ስንጽፈው አንድ መስመር ነበር። አንድ መስመር! ዋጋው ለባዶ ወንበር ወለል ብሎ መጣ። ሮጬ አባቴን መናኸሪያው ጋ ደረስኩበት።

«አባ፣ ተሠራ እኮ! ና እየው!»

«ተወው ልጄ» አለኝ። «እንግዲህ ማንን ልጥራ?»

ከዚያ ወዲህ ለዕርቅም ለሠርግም ሽማግሌ ጠርቶ አያውቅም። እህቴ ስትዳር እንኳ ሽማግሌ የጠራለት አጎቴ ነው። አባቴ አሁን የለም። ሰይድን አፌ ይቅር ብሎታል፤ ሆዴ ግን አላለም።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ባልደረባዬ አልነገርኩትም። «ጥበቃውን መልሰህ ፈቃዱን ሰርቨሩ ላይ ጻፍ» ብቻ አልኩት።

«ኧረ ጋሼ» አለኝ፣ «ለሰው ለማሳየት ብቻ እኮ ነው።»